የድሮ ፈርጥ እጃችሁ ከገባ ከወርቁ ለማውጣት አትቸኩሉ

ልጆች፣ አውሮፓ ውስጥ ወርቅ ሥራ የምትማሩም ሙዚየም ወይ ጨረታ ቤት ለመቀጠር የምታስቡም፣ አንድ ቀን የሮማውያን ቅርጽ ያለባት ፈርጥ እጃችሁ መግባቷ አይቀርም። ጥፍር የምታክል ድንጋይ ነች፣ ብዙ ጊዜ ካርኔሊያን (ራእይ ላይ ሰርድዮን የሚለው መሆኑ ነው) ወይ ኢያስጲድ፣ ላይዋ ላይ ወደ ውስጥ የተቆፈረ አምላክ ወይ ፈረስ ወይ የሰው ፊት አለ፣ ባለቤቱ ቀለበቱን ሰም ላይ ጫን ሲያደርግ ምስሉ ተገልብጦ ይወጣለታል፣ ማህተሙ ነበረች ማለት ነው። ግን ብዙውን ጊዜ የምታገኟት በሮማ ቀለበቷ ላይ አይደለም፣ ከስንት መቶ ዓመት በኋላ በተሠራ ወርቅ ውስጥ ተቀምጣ ነው። ጀማሪ ሁሉ ደግሞ የሚያምረው ያንን ወርቅ ገፍቶ ድንጋዩን ብቻ ማየት ነው። ተዉት። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ፈርጥ ሳስቀምጥና ሳድስ ነው የኖርኩት፣ ለኔ ግማሹ ታሪክ ያለው ወርቁ ላይ ነው።

ፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ያለችውን፣ የዩልያ ምስል የተቀረጸባትን አኳማሪን (ሰማያዊ የምትመስል ብርሃን አስተላላፊ ድንጋይ) እዩልኝ። ዩልያ የንጉሠ ነገሥት ቲቶ ልጅ ነች፣ የቀረጻት ኤዎዶስ የሚባል ሰው ሲሆን ስሙን በግሪክ ፊደል እዛው ድንጋዩ ላይ ጽፎታል። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወርቅ ሠሪዎች ዙሪያዋን በሰንፔር ከበው ሰን ዴኒ ገዳም የነበረ ትልቅ የወርቅ ሥራ አናት ላይ አስቀመጧት፣ ከዛ ወዲያ ያያት ምእመን እመቤታችን ናት ብሎ ተቀበላት። ያውም ጸጉሯ በጊዜው ፋሽን ተጠቅልሎ ተቆልሎ! የፈረንሳይ አብዮት ሲመጣ ያ ሁሉ ወርቅ ቀለጠ፣ የተረፈው አናቱ ላይ የነበረው እሷና ሰንፔሮቿ ናቸው። አሁን አንዱ ተነስቶ ሰንፔሮቹ የኋላ ዘመን ናቸው ብሎ ቢያወልቃቸው ማርያም ተብላ የኖረችበት ዘመን አብሮ ሄደ ማለት ነው።

ጀርመን አኽን ካቴድራል ያለው የሎታር መስቀልም አለላችሁ፣ በፈረንጅ 1000 ገደማ የተሠራ። መሃሉ ላይ ክርስቶስን ስትጠብቁ የምታዩት ድንጋይ ላይ የተቀረጸ አውግስጦስ ቄሣርን ነው፣ ያ ሉቃስ ላይ ዓለሙ ሁሉ እንዲጻፍ ያዘዘው፣ ስቅለቱ ያለው ጀርባው ላይ ተቀርጾ ነው። ይሄ ያገኙትን ድንጋይ መለጠፍ አይመስለኝም፣ ሠሪው ያሰበው ነገር ነበረው። እዛው ጀርመን ኮሎኝ ካቴድራል ደግሞ የሰብአ ሰገል አጽም አለበት የሚባለው የወርቅ ሣጥን ላይ ከ300 በላይ የጥንት ፈርጥ አለ፣ የአረማውያን አማልክት ሳይቀሩ።

ሥራው ላይ ስትቀመጡ እሳት አታስጠጉ፣ አሜቴስጢኖስ ከሆነች ሲሞቃት ቀለሟን ትለቃለች፣ መስታወት ከሆነች ትሰነጠቃለች (ሮማውያን አቅም ለሌለው ከመስታወትም ይሠሩ ነበር)፣ አልትራሳውንድ ማጠቢያማ (ውሃውን በድምፅ ሞገድ እያንቀጠቀጠ የሚያጥበው ማሽን) በፍጹም። ምስሉን ለማንበብ ከጎን መብራት አብሩ፣ በስልክ ፎቶ አንሱና ገልብጡት፣ በቃ ሰም ምናምን መጫን አያስፈልግም። ጠርዟን በሉፕ (በትንሿ ማጉያ መነጽር) እዩ፣ ፊደል ወይ እግር ተቆርጦ ከሆነ የኋላው ወርቅ ሠሪ ከማቀፊያው ጋር እንድትገጥምለት ሞርዷት ሊሆን ይችላል፣ እሱም ይጻፍ።

ወርቁ አሮጌ ስለሆነ ድንጋዩ ሮማዊ ነው ማለት ግን አይደለም፣ ፊርማም አያታልላችሁ። የፖላንዱ ልዑል ስታኒስላቭ ፖኒያቶቭስኪ ወደ 2,500 የሚሆን ፈርጥ ነበረው፣ ብዙዎቹ የጥንት ቀራጮች ስም ያለባቸው፣ በኋላ ሲታይ አብዛኞቹ በራሱ ዘመን ሮም ውስጥ ያሠራቸው ሆነው ተገኙ፣ በ1839 ለንደን ክሪስቲስ ጨረታ ቤት ሲሸጡም ዋጋቸው ወደቀ። ቀራጮቹ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ እጃቸው ይባረክ የሚያሰኝ ነው።

በ2023 ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ የወጣውን ጉድ ሰምታችሁ ይሆናል። ወደ 1,500 የሚሆን ዕቃ ጠፍቷል ወይ ተሰርቋል ተባለ፣ ብዙው ፈርጥና ጌጣጌጥ ነው፣ ሌላ 350 የሚሆነው ደግሞ ከፊሉ ተነቅሎበት ተገኘ፣ ፈርጡን ያቀፈው ወርቅ ለማቅለጫ ሳይሸጥ አልቀረም ነው የተባለው። ብዙዎቹ በወጉ ስላልተመዘገቡ የኛ ነው ብሎ ማስረዳቱ ራሱ ፈተና ሆነ። እናም እጃችሁ የገባችውን ከማጽዳታችሁ በፊት፣ ገና ከነአቧራዋ ከነወርቋ፣ ከፊት ከኋላ ከጎን ፎቶ አንስታችሁ፣ ክብደቷን መዝናችሁ ቁጥር ስጧት።