ቴስቱ አልፏል፤ ታዲያ ልቀበለው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቡድናችን የቨርዥን ኮንትሮል (የኮድ ለውጦችን መዝግቦ የሚያስቀምጥ) ሶፍትዌር ይሠራል። አንድ ባግ (የፕሮግራም ስህተት) ተገኘ። ተጠቃሚው ሴቲንግ ፋይሉ ላይ «ዝርዝር አሳይ» የሚለውን አብርቶ፣ ትዕዛዙ ላይ ግን --ኖ-ቨርቦስ («ዝርዝር አታሳይ») ብሎ ሲጽፍ ፕሮግራሙ አይሰማውም። አንድ ባልደረባዬ ያስተካከለውን እንድገመግም ተሰጠኝ። ኮዱ የተጻፉትን ቃላት አንድ በአንድ ያያል፤ --ኖ-ቨርቦስን ካገኘ ዝርዝሩን ያጠፋል። ቴስቱ (ማስተካከያውን የሚፈትነው ኮድ) አልፏል። ባልደረባዬ በልምድ ይበልጠኛል። ምን ይመክሩኛል?
ጀማሪ ገምጋሚ

መልስ፦ እህቴ፣ አሁን ባለበት አትቀበይው። ባጉ ያለበት ቦታ ገና አልተነካም።

የተጠቃሚውን ምርጫ የሚይዘው ቬሪያብል ሲነሳ ዜሮ ነው አይደል? ተጠቃሚው ምንም ሳይል ሲቀር ዜሮ ነው፤ «አልፈልግም» ሲልም ዜሮ ነው። ፕሮግራሙ በምን ይለያቸው? ዜሮ ባየ ቁጥር ሰውየው ዝም ያለ ይመስለውና ወደ ሴቲንጉ ይሄዳል። የኦፕሽን (እንደ --ኖ-ቨርቦስ ያለ የትዕዛዝ ምርጫ) ባግ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው፦ ዝምታና እምቢታ ተለይተዋል ወይ?

ጊት የሚባለው የታወቀ የቨርዥን ኮንትሮል ሶፍትዌር ውስጥ የተለመደ ዘዴ አለ። መነሻው -1 ይደረጋል፤ «እስካሁን ማንም አልተናገረም» ማለት ነው። ትዕዛዙ ተነቦ አልቆም -1 ከሆነ ብቻ ሴቲንጉ ይታያል። ወጥመድ ግን አለው። --ቨርቦስ («ዝርዝር አሳይ») በተደጋገመ ቁጥር የሚቆጠር ከሆነ -1 ላይ አንድ ሲደመር ዜሮ ይመጣል፤ «አሳየኝ» ያለው ሰው ምንም አያይም። ጊት ራሱ ቆጣሪውን ለዚህ እንዲሆን ያስተካከለው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ስለዚህ እኔ የምመርጠው ሌላውን መንገድ ነው፦ ሴቲንጉ አስቀድሞ ይነበብ፣ ትዕዛዙ በላዩ ይጻፍበት።

አሁን የባልደረባሽን ኮድ በእጅሽ ሞክሪው። --ኖ-ቨርብ ብለሽ አሳጥረሽ ጻፊ። ጊት ከሌላ ኦፕሽን ጋር እስካልተምታታ ድረስ አጭሩን ይቀበላል፤ የእናንተም እንደዚያ ከሆነ ቃል ፍለጋው ሳያየው ያልፋል። ቀጥሎ --ኖ-ቨርቦስን አስቀድመሽ --ቨርቦስን አስከትይ። የኋለኛው ማሸነፍ አለበት። ሰዎች አንዱን አሊያስ (ለረጅም ትዕዛዝ የሚሰጥ አጭር ስም) ውስጥ አስቀምጠው ሌላውን ትዕዛዙ መጨረሻ ላይ የሚጨምሩት ይህንን ሕግ አምነው ነው፤ እባክሽ እንዳይፈርስባቸው።

ከዚያ ለብቻዋ የቆመች -- ጻፊና --ኖ-ቨርቦስን ከኋላዋ አድርጊ። ከእሷ በኋላ ያለው የፋይል ስም ነው፤ ኦፕሽን ሆኖ መነበብ የለበትም። ይህ የደህንነት ጉዳይ እስከመሆን ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ2017 ጊትና መሰሎቹ መርኩሪያልና ሰብቨርዥን የደህንነት ማስተካከያ ያወጡት በሰረዝ የሚጀምር የሰርቨር ስም ኤስኤስኤች (ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ዘንድ ኦፕሽን ሆኖ ይነበብ ስለነበር ነው። በዚያ ቀዳዳ የሌላ ሰው ትዕዛዝ ኮምፒውተርሽ ላይ ሊሠራ ይችል ነበር።

ስለ ቴስቱ፦ ማስተካከያውን አውጪና ቴስቱን ብቻ ሩን አድርጊው። ያኔም ካለፈ ባጉን እየፈተነ አይደለም። ምናልባት ሴቲንጉን ማብራት ተረስቷል።

ልምዱ አያስፈራሽ። ሦስቱን ትዕዛዞች፣ የጠበቅሽውንና ያገኘሽውን ውጤት ጽፈሽ ላኪለት፤ አስተያየት ሳትጨምሪ። ሲያስተካክለው ደግሞ ዜሮ ሁለት ትርጉም ይዞ እንደነበር ኮሚት ሜሴጁ (ከለውጡ ጋር የሚቀመጠው ማስታወሻ) ላይ እንዲጽፍ ጠይቂው። ከዓመታት በኋላ ያንን መስመር የሚከፍተው ሰው የሚፈልገው እሱን ነው።