ስለ ውሃና ፍሳሽ ዋጋ ጭማሪ የመጣው ደብዳቤ፦ ምን ማድረግ ይቻላል?

እህቴ፣ ጥያቄሽ የብዙዎቻችን ጥያቄ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ። ከሳኒታሪ ዲስትሪክት (የአካባቢው የፍሳሽ አገልግሎት መሥሪያ ቤት) ረጅም የእንግሊዝኛ ደብዳቤ መጣ፣ ለሚቀጥሉት ዓመታት ዋጋ ይጨምራል ይላል፣ ባለቤቴ ማስታወቂያ ነው ጣይው አለኝ ብለሻል። መቃወም ይቻላል ወይ፣ ጡረታ ለወጡት እናቴስ ቅናሽ የለም ወይ፣ ሳይከፈል ቢቆይ ውሃ ይቆርጣሉ ወይ ብለሽም ጠይቀሻል። እኔ እዚሁ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ባለችበት ኢስት ቤይ ውስጥ የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያ ኦፕሬተር ነኝ። የቤት ባለቤትም ስለሆንኩ ደብዳቤው ለእኔም ይደርሰኛል።

እባክሽ አትጣይው። ያንን ደብዳቤ የሚልኩልሽ ሕገ መንግሥቱ ስለሚያስገድዳቸው ነው። የካሊፎርኒያ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1996 በድምፁ ያጸደቀው ፕሮፖዚሽን 218 የሚባል ድንጋጌ አለ። የውሃና የፍሳሽ ክፍያ አገልግሎቱን ለመስጠት ከሚወጣው ወጪ መብለጥ የለበትም፣ የተሰበሰበውም ገንዘብ ለሌላ ጉዳይ አይውልም፣ አንቺ የምትከፍይው ድርሻም ለአንቺ ቤት ከሚወጣው ወጪ ጋር መመጣጠን አለበት ይላል። በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ሕግ አይደለም። ሳን ሁዋን ካፒስትራኖ የምትባለው ከተማ ብዙ ውሃ የሚጠቀሙትን ከፍ ባለ ዋጋ ስታስከፍል፣ ዋጋው ከወጪው ጋር መያያዙን ማሳየት ስላልቻለች በ2015 በይግባኝ ፍርድ ቤት ተረትታለች።

ደብዳቤው ከሕዝባዊ ስብሰባው (ሂሪንግ ከሚሉት) ቢያንስ 45 ቀን ቀድሞ መላክ አለበት። እስከ ስብሰባው መጨረሻ ድረስ ከግማሽ በላይ ለሆኑት ይዞታዎች የጽሑፍ ተቃውሞ ከገባ፣ የዲስትሪክቱ ቦርድ ጭማሪውን ማጽደቅ አይችልም። ለአንድ ይዞታ የሚቆጠረው አንድ ተቃውሞ ብቻ ነው፤ ባልና ሚስት ለየብቻ ብትጽፉም ያው አንድ ነው። ተከራይም ቢሆን ቢሉን በቀጥታ የሚከፍለው እሱ ከሆነ መቃወም ይችላል። ስምሽን፣ የቤቱን አድራሻ ወይም የይዞታውን ቁጥር፣ የምትቃወሚው የትኛውን ክፍያ እንደሆነ ጽፈሽ ፈርሚበት። ብዙዎቹ ተቃውሞ በኢሜይል አይቀበሉም፤ እንዴት እንደሚላክ ደብዳቤው ላይ ተጽፏል። ስብሰባው ላይ ተነስቶ መናገር ይቻላል፤ ነገር ግን በአፍ የተነገረ ብቻ ከተቃውሞ አይቆጠርም። ወገኖቻችን መጥተው በሚገባ ተናግረው ወረቀት ሳያስገቡ ሲሄዱ አይቻለሁ፣ በጣም ያሳዝነኛል።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ትልልቅ ዲስትሪክቶች ላይ ግማሹ ሲሞላ አላየሁም። ቢሆንም የተቃውሞው ቁጥር ሲጨምር ቦርዱ ጭማሪውን ለተጨማሪ ዓመታት ሲያከፋፍለው አይቻለሁ። ደግሞም አንዴ ከጸደቀ እስከ አምስት ዓመት የሚደርስ የጭማሪ መርሐ ግብር በአንድ ውሳኔ ሊያልፍ ይችላል። ዛሬ ዝም ብትዪ በየዓመቱ እንዲህ ያለ ስብሰባ አይጠራልሽም፤ የሚደርስሽ የ30 ቀን ማሳሰቢያ ብቻ ነው።

በ2024 የወጣው ኤቢ 2257 የሚባለው ሕግ ደግሞ ነገሩን አጥብቆታል፣ ሰው ግን ገና አልሰማውም። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ፣ መሥሪያ ቤቱ በሕጉ የተቀመጠውን አካሄድ ከተከተለ፣ በጊዜው በጽሑፍ ምክንያቱን ዘርዝሮ ያልተቃወመ ሰው ኋላ ፍርድ ቤት ሄዶ ጭማሪው ፕሮፖዚሽን 218ን ይጥሳል ብሎ መክሰስ አይችልም። ስለዚህ «ተወደደብኝ» ብቻ አይበቃም። «የእኔ ድርሻ ከወጪው ጋር አይመጣጠንም፣ ስሌቱ ላይ ይህ ይህ አልገባኝም» ብለሽ ጻፊ፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ተቃውሞ በጽሑፍ መልስ የመስጠት ግዴታ አለባቸው። ስሌቱን የያዘውን የዋጋ ጥናትም ለሕዝብ ክፍት ማድረግ አለባቸው፣ ጠይቂያቸው። ኦክላንድ ውስጥ ምግብ ቤት ያላችሁም ጥናቱን ተመልከቱት። የምግብ ቤት ፍሳሽ ስብና ምግብ ስለሚበዛበት ከመኖሪያ ቤት ከፍ ባለ ዋጋ ነው የሚታሰበው፤ የተመደባችሁበት ክፍል ትክክል መሆኑን አረጋግጡ።

ለምን ይጨምራል ለሚለው ደግሞ ከሥራዬ አንጻር ልናገር፤ ጭማሪ ሁሉ ዝርፊያ ነው ሲባል መስማት ስለማልወድ። በኦገስት 2022 ኦክላንድ የነበራችሁ ሌክ ሜሪት ሐይቅ ዳር የሞተው ዓሣና ሽታው ትዝ ይላችኋል። የሳን ፍራንሲስኮ ቤይ ውሃ የሻይ ቀለም እስኪይዝ ድረስ አልጌ ወርሶት ነበር። ያንን አልጌ የሚመግበው ናይትሮጅን ነው፣ በብዛት የሚመጣውም ከእኛ ማጣሪያዎች ነው። የቆዩት ማጣሪያዎች የተሠሩት ጠጣሩን ቆሻሻ ለማስቀረትና ጀርሞችን ለመግደል እንጂ ናይትሮጅን ለማውጣት አልነበረም። በጁላይ 2024 የቤይ ኤሪያውን ውሃ የሚቆጣጠረው የስቴቱ ቦርድ፣ በባሕረ ሰላጤው ዙሪያ ያሉ ማጣሪያዎች በድምሩ የሚለቁትን ናይትሮጅን እስከ 2034 ድረስ ከ2022ቱ መጠን በ40 በመቶ እንዲቀንሱ አዘዘ። ናይትሮጅኑን የሚያወጡት ባክቴሪያዎች ሰፋፊ ገንዳ ይፈልጋሉ፤ አሞኒያውን ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ቀን ከሌሊት የሚነፋ አየር፣ ናይትሬቱን ወደ ጋዝ የሚለውጡት ደግሞ አየር የማይነፋበት ገንዳ። ብዙ ገንዘብ ነው፤ ትእዛዙም ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። ስቴቱ በአካባቢ መስተዳድሮች ላይ አዲስ ግዴታ ሲጭን ወጪውን መተካት አለበት የሚል ደንብ እያለ፣ ነዋሪውን ማስከፈል የሚችል መሥሪያ ቤት ግን ከዚያ መብት ውጭ ነው። ስለዚህ ስቴቱ ያዘዘው ዞሮ ዞሮ እኛ ቢል ላይ ይመጣል።

የእናትሽን ነገር ደግሞ ያው ፕሮፖዚሽን 218 ነው ያከበደው። ከአንዱ ደንበኛ ከሚሰበሰብ ክፍያ ቀንሶ ለሌላው ቅናሽ መስጠት አይፈቀድም፣ ምክንያቱም ያኛው ከድርሻው በላይ ከፈለ ማለት ነው። ስቴቱ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰቦች የውሃ ድጎማ እንዲያቋቁም የቀረበውን ኤስቢ 222 የተባለ የሕግ ረቂቅ በ2022 ገቨርነር ኒውሰም ቋሚ የገንዘብ ምንጭ የለውም ብለው ሳይፈርሙበት መለሱት። አንዳንድ ዲስትሪክቶች ግን ከመሬት ኪራይና ከመሳሰለው ገቢ ቅናሽ ይሰጣሉ። ደውለሽ «ከስተመር አሲስታንስ ፕሮግራም (የደንበኞች ድጋፍ) አላችሁ?» በያቸው።

ውሃ መቁረጥን በተመለከተ በ2018 የወጣው ኤስቢ 998 ይጠብቃችኋል። ቢሉ የመክፈያ ቀኑ ካለፈ 60 ቀን ሳይሞላው መቁረጥ አይችሉም፤ ከመቁረጣቸው ከሰባት የሥራ ቀን በፊትም ማሳወቅ አለባቸው። ውሃ መቋረጡ ለእናትሽ ጤና አደገኛ መሆኑን ሐኪም ከጻፈ፣ ከቤተሰቡም አንድ ሰው ሜዲካል (የስቴቱን የጤና መድን) ወይም ካልፍሬሽ (የምግብ ድጎማ) የሚያገኝ ከሆነ፣ በየጊዜው ከፍሎ ለመጨረስ እስከተስማማችሁ ድረስ አይቆርጡም። ሕጉ ማሳወቂያው ይጻፍባቸው ካላቸው ቋንቋዎች ውስጥ አማርኛ የለም። ስትደውዪ «አማሪክ ኢንተርፕሪተር» ብለሽ ጠይቂ፤ ብዙዎቹ በስልክ ያገናኛሉ። የፍሳሹ ክፍያ ግን በብዙ ዲስትሪክቶች ከቤቱ ግብር ጋር ስለሚመጣ የግብሩን የመክፈያ ቀን ነው መጠበቅ ያለብሽ፦ ዲሴምበር 10 እና ኤፕሪል 10። ካለፈ 10 በመቶ ቅጣት አለው።

አንድ ነገር ልጨምር። የአብዛኞቹ ሳኒታሪና የውሃ ዲስትሪክቶች ቦርድ አባላት በሕዝብ ይመረጣሉ፤ ሎስ አንጀለስ ያላችሁ ግን ጉዳያችሁ ከከተማው ጋር ነው። ተወዳዳሪ ስለሚጠፋ ብዙ ወንበሮች ያለ ምርጫ ይሞላሉ። የዕጩዎች ምዝገባ በምርጫ ዓመት ከጁላይ አጋማሽ እስከ ኦገስት መጀመሪያ ነው። ከመካከላችን ሒሳብ፣ ምህንድስና ወይም ሕግ የተማረ ሰው ቢመዘገብ ምኞቴ ነው፤ ማስረጃ በማሰባሰብ በኩል እኔ እረዳለሁ። አንቺ ደግሞ የስብሰባውን ቀን ከደብዳቤው ላይ አይተሽ እዚሁ ጻፊልን፤ ተቃውሞውን በእንግሊዝኛ አብረን እናዘጋጃለን።