መልስ፦ የፍቅረኞች ቀንን ከልጆች ጋር ቤት ውስጥ

እህቴ፣ «የ6 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉኝ፤ የፍቅረኞች ቀን ከቤት ሳንወጣ እየተጫወቱ የሚማሩት ምን አለ?» ላልሽው፣ እኛ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምናደርገውን ልንገርሽ።

ወረቀት ለሁለት አጥፈሽ ግማሽ ልብ ሣዪላቸው። ቆርጠው ሲዘረጉት ሁለቱ ጎን እኩል ይወጣል። ከዚያ እውነተኛው ልብ ይህን እንደማይመስል ንገሪያቸው። የጡጫቸውን ያህል ነው፤ አራት ክፍል አለው። አንጓቸው ላይ ሁለት ጣት አድርገው ትርታውን ለ30 ሰከንድ ይቁጠሩና በ2 ያባዙት። ገመድ ዘለው ደግሞ እንደገና። ትልቋ ልጄ የእኔንም የአባቷንም ለክታ ደብተሯ ላይ ጻፈች፤ እስከ ማታ አልለቀቀችንም። ማባዛት የማትወድ ልጅ ናት እኮ!

ለትልቁ ልጅሽ የቀን ቆጠራም አለ። በዓሉ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 14 ነው። በእኛ አብዛኛውን ጊዜ የካቲት 7 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 ቀን ሆና የገባው ዓመት ላይ ግን የካቲት 6። ለምን እንደሆነ ካላንደር ይዞ ይፈልገው።

እኔ ከሁሉም የምወደው ደብዳቤውን ነው። ለአያታቸው በእጃቸው ይጻፉ። ትንሹ ልጄ «እወድሻለሁ» ሲጽፍ «ሸ» እና «ሻ» ተምታተውበት ሦስቴ ሰረዘ። አላረምኩትም። እናቴ ያቺን ወረቀት እስከ ዛሬ ከጸሎት መጽሐፏ ውስጥ አላወጣቻትም።

ቀይ ቀለም ከሌለሽ ቀይ ስር ቀቅለሽ ውሃውን ስጪያቸው። ልብስ ግን ያበላሻል፤ አሮጌ ይልበሱ።