ስለ ቢሊ ዋይልደር ለጠየቃችሁኝ

ስለ ድሮው ሆሊውድ ስናወራ ብዙዎቻችሁ ስለ ዳይሬክተሩ ቢሊ ዋይልደር ጠይቃችሁኛል። ፊልሞቹን ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ፣ ስለ እሱ ማውራትም አይሰለቸኝም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ዋይልደር የተወለደው አሜሪካ ነው?

አይደለም። በ1906 ሱቻ በምትባል ከተማ ተወለደ። ከተማዋ ያኔ በኦስትሪያ-ሀንጋሪ ሥር ነበረች፣ ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ናት። ቤተሰቡ አይሁድ ናቸው። ቪየና ላይ ጋዜጠኛ ሆነ፣ በርሊን ላይ ፊልም መጻፍ ጀመረ። በ1933 ሂትለር ሥልጣን ሲይዝ ወደ ፓሪስ ሸሸ፣ በ1934 አሜሪካ ገባ። እናቱ፣ እንጀራ አባቱና አያቱ ግን እዚያው ቀርተው በናዚዎች እልቂት አለቁ።

ጥያቄ፦ ሲመጣ እንግሊዝኛ አይችልም ነበር ይባላል። ታዲያ እንዴት ጸሐፊ ሆነ?

ሬዲዮ እያዳመጠ ተማረ። ደግሞም ብቻውን አልጻፈም። የፊልም ስቱዲዮው ፓራማውንት በ1936 ከጸሐፊው ቻርልስ ብራኬት ጋር አጣመረው። ብራኬት ረጋ ያለ፣ ከሀርቫርድ ሕግ የተመረቀ አሜሪካዊ ነበር። እስከ 1950 አብረው ሠሩ። ቀጥሎ የመጣው አይ ኤ ኤል ዳይመንድ ነው፣ እሱም በልጅነቱ ከሮማኒያ የመጣ ስደተኛ። ዳይመንድ ታይፕ ላይ ይቀመጣል፣ ዋይልደር ዱላውን ይዞ ክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ይላል። እንዲህ እያሉ እስከ 1981 ዘለቁ።

ጥያቄ፦ ጸሐፊነቱ ተሳክቶለት ሳለ ለምን ወደ ዳይሬክተርነት ገባ?

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። ነገሩ የአንዲት በረሮ ታሪክ ነው።

ዋይልደርና ብራኬት በ1941 ለወጣው «ሆልድ ባክ ዘ ዶውን» ጽሑፉን አዘጋጁ። ዋናው ገጸ ባሕርይ የአሜሪካ ቪዛ እየጠበቀ ሜክሲኮ ጠረፍ ላይ የተንጠለጠለ ስደተኛ ነው። ከሆቴሉ ክፍል ግድግዳ ላይ አንዲት በረሮ ትወጣለች። ሰውየው በዱላው መንገዷን ይዘጋና፣ እንደ ጠረፍ ጠባቂ ሆኖ ወዴት እንደምትሄድና ወረቀት እንዳላት ይጠይቃታል። ዋይልደር ራሱ ሜክሲካሊ ተቀምጦ ቪዛ ጠብቋል። ያቺ ትዕይንት ከገዛ ሕይወቱ የወጣች ናት።

ተዋናዩ ሻርል ቦዬ ግን መልስ ለማትሰጥ በረሮ አላወራም አለ። ዳይሬክተሩ ሚቸል ላይሰንም እሺ ብሎ ትዕይንቱን አስቀረው። ዋይልደር በጣም ተናደደ። ከዚያ በኋላ የጻፈውን ማንም እንዳይነካበት ራሱ ለመምራት ቆረጠ። በ1942 «ዘ ሜጀር ኤንድ ዘ ማይነር»ን ሠራ። በእኔ እምነት መላ ሥራውን የምትገልጠው ይህች ቁጭት ናት፦ ዳይሬክተር የሆነው የጻፋቸውን ቃላት ለመጠበቅ ነው።

ጥያቄ፦ «ዘ አፓርትመንት» ላይ ያለው መጨረሻ የሌለው ቢሮ እውነተኛ ነው?

ስቱዲዮ ውስጥ የተሠራ ነው። የፊልም ትዕይንት ቦታ ንድፍ ባለሙያው የአሌክሳንደር ትሮነር ሥራ ነው። ከካሜራው እየራቁ ሲሄዱ ጠረጴዛዎቹ እያነሱ ይሄዳሉ። ከኋላ የተቀመጡት ደግሞ አጫጭር ሰዎችና ልጆች ናቸው። ዓይናችን ይታለላል፣ ዋናው ሰውም ከመቶዎች አንዱ ሆኖ ይታየናል። ዋይልደር በዚህ ፊልም ብቻ ሦስት ኦስካር ወስዷል፦ በፕሮዲዩሰርነት፣ በዳይሬክተርነትና በጸሐፊነት።

ጥያቄ፦ ማሪሊን ሞንሮ አስቸግራዋለች የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። «ሳም ላይክ ኢት ሃት» ሲቀረጽ ታረፍዳለች፣ የሁለት ሦስት ቃል ንግግርም በአሥሮች ጊዜ ይደገምላት ነበር። ስክሪኑ ላይ ግን ያ ሁሉ ድካም አይታይም። እንደ ሴት የለበሱት ሁለቱ ወንዶች በቀለም ሲሞከሩ ሜካፓቸው አረንጓዴ መስሎ ስለታየ፣ ፊልሙ በጥቁርና ነጭ ተሠራ።

ጥያቄ፦ ከፊልሞቹ ያልተሳካለት አለ?

አለ። የ1951ዱ «ኤስ ኢን ዘ ሆል» ገበያ ላይ ወደቀ። ስቱዲዮው ስሙን እስከ መቀየር ደርሷል። ተዋናዩ ኪርክ ዳግላስ ጋዜጠኛ ሆኖ ይሠራል። ዋሻ ተደርምሶበት የተያዘ ሰው ያገኛል። ዜናው እንዳያልቅበት ሲል ሰውየው ቶሎ እንዳይወጣ ያደርጋል። ከውጭ ሕዝብ ይጎርፋል፣ መኪና ይሰለፋል፣ ምግብ ይሸጣል፣ ይዘፈናል። ለእኔ ከሥራዎቹ ሁሉ ደፋሩ ይህ ነው፣ እባካችሁ እዩት።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ አንዱንም አላየሁም። ከየቱ ልጀምር?

እህቴ፣ ከ«ዘ አፓርትመንት» ጀምሪ። መስታወቷ ላይ ዓይንሽን ጣይ። ቤቱን ለአለቃው የሚያውሰው ዋናው ገጸ ባሕርይ ባክስተር፣ አንዲት ሴት እዚያ ረስታው የሄደችውን የተሰነጠቀ የእጅ መስታወት አግኝቶ ለአለቃው ይመልሳል። በኋላ በገና ግብዣ ላይ አዲሱን ባርኔጣውን እንዲያይበት የሚወዳት ልጅ መስታወቷን ታቀብለዋለች። ይከፍተዋል። ፊቱ ለሁለት ተሰንጥቆ ይታየዋል። ማንም ምንም አያስረዳውም።