ስሙ ኋላ ይመጣል፦ የሥነ ጽሑፍ ቃላት ለ7ኛ ክፍል ልጅ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ልጅሽ 7ኛ ክፍል ነው። የገጸ ባህሪን፣ የመቼትን፣ የሴራን፣ የጭብጥን ትርጉም እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ምንባብ ሲሰጠው ግን የቱ የቱ እንደሆነ ይጠፋበታል። «ምን ላድርግ?» ብለሻል። እዚሁ ጎንደር 7ኛና 8ኛ ክፍል አማርኛ ሳስተምር ብዙ ዓመቴ ነው። ይሄ ችግር የሌለበት ክፍል አላጋጠመኝም።

መጀመሪያ ላይ እኔም ሰሌዳ ሙሉ ትርጉም ነበር የማስጽፈው። ትርጉሙን ስጠይቃቸው ከ10 ዘጠኝ ያመጣሉ። አንድ ገጽ ታሪክ ሰጥቼ «ግጭቱ ምንድን ነው?» ስላቸው ግን ግማሹ ክፍል «ግጭት የለም፣ ማንም አልተደባደበም» ብሎ ጻፈ። ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም። ቃሉን ከቤታቸው ያውቁታል፣ ግን በሌላ ትርጉም። ግጭት ማለት ባጃጅ ከሚኒባስ ሲላተም ነው። ሴራ ማለት ደግሞ ተንኮል ነው። ስለዚህ «ሴራውን አውጡ» ሲባሉ ክፉውን ሰው ይፈልጋሉ።

ከዚያ በኋላ መንገዴን ቀየርኩ። ነገሩን አስቀድማለሁ፣ ስሙን ኋላ እሰጣለሁ።

መቼትን በጥምቀት ነው የማስተምረው። «አንድ ልጅ መንገድ ላይ አንድ እግር ጫማው ወለቀ» እላቸዋለሁ። ተራ ማክሰኞ ከሆነ ጎንበስ ብሎ ያነሳል፣ አለቀ። ታሪክም አይወጣው። አሁን ያንኑ ልጅ ጥር 10፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ሕዝቡ መሃል አስገቡት። ጎንበስ ማለት አይችልም። ወደኋላ መመለስ አይችልም። ጫማው አዲስ ነው፣ ለበዓሉ የተገዛ። እናቱ ፊቱ ላይ ድቅን ትልበታለች። እዚህ ስደርስ ክፍሉ ይንጫጫል፤ የጎንደር ልጅ ሁሉ የከተራ ትዝታ አለው። ልጁ ያው ነው፣ ጫማውም ያው ነው። ታሪኩን የለወጠው ምንድን ነው? መቼ እና የት። ሁለቱን ቃላት አጣብቀው ሲሉት «መቼት» ይወጣል። ይህን ያገኘ ልጅ ሁለተኛ አይረሳውም። መቼት ጌጥ እንዳልሆነ፣ ሰው የሚያደርገውን እንደሚወስንም አብሮ ይገባዋል።

በዚያው ታሪክ ግጭትን ታገኚዋለሽ። ልጁ የሚፈልገው ነገር አለ፤ የሚከለክለውም አለ። ይኸው ነው ግጭት። ዱላ አያስፈልገውም። «እናቴን ምን ልበላት፣ እውነቱን ልናገር ወይስ ሰረቁኝ ልበል?» ሲል ደግሞ ግጭቱ ከራሱ ጋር ሆነ።

ሴራን፣ ማለትም የታሪኩ ድርጊቶች በምክንያትና በውጤት የሚያያዙበትን መስመር፣ አንዳንዶች «ትልም» ይሉታል። እኔም ይህኛውን እወደዋለሁ። አንድ ዓመት ከደምቢያ የመጣ ተማሪ «ቲቸር፣ ትልም እኮ ማረሻ ያለፈበት መስመር ነው» አለኝ። ልክ ነው፤ አንዱ ትልም ከሌላው ጎን ተጠግቶ ይሄዳል፣ እንደፈለገ አይዘልም። ልጅሽን እንዲህ ፈትኚው፦ «ውሃ ሊቀዳ ወጣ። ከዚያ ዘነበ። ከዚያ ቤት ገባ።» ይሄ ዝርዝር ነው። «ጀሪካኑ ተቀደደበት። ስለዚህ ቤት መግባት ፈራ። ስለፈራ አክስቱ ጋ አደረ። እናቱ ሌሊቱን ስትፈልገው ነጋ።» ይሄ ትልም አለው። በድርጊቶቹ መሃል «ስለዚህ» መግባት ከቻለ ትልሙን ይዞታል።

ጭብጥ ላይ ልጆች ሁሉ አንድ ቃል ይጽፋሉ። «ፍቅር»፣ «ድህነት»። እሱ ርእሰ ጉዳይ ነው። «ታሪኩ ስለ ድህነት ምን አለ?» በይው። መልሱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እስኪሆን አትልቀቂው።

ለአንጻር፣ ማለትም ታሪኩ በማን ዓይን እንደሚታይ ለማሳየት፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ውሰጂው። ጣሪያው ላይ የተሳሉት የመላእክት ፊቶች ታች ያለውን ሁሉ ያያሉ፤ ሁሉን አወቅ ተራኪ እንደዚያ ነው። አንዱ ጥግ ቆሞ የሚያስቀድስ ሰው ግን ከፊቱ ያለውን ብቻ ነው የሚያየው። «እኔ» እያለ የሚተርከው እሱ ነው።

ዘይቤ ቀላሉ ነው። «አባቴ እንደ ዋርካ ነው» ተነጻጻሪ፣ «አባቴ ዋርካ ነው» ተለዋጭ። ሰውኛ ላይ (ሰው ያልሆነውን እንደ ሰው ማድረግ) ግን አንዴ ክፍሉ ተከራከረ። አንዷ «ዝናብ ሲመጣ የክፍላችን ቆርቆሮ ይጮኻል» አለች። ሌላው «ቆርቆሮ እኮ የምሩን ይጮኻል፣ ሰው አላደረግሽውም» አላት። ትንሽ አሰበችና «የሚያፈስበት ጋ ያለቅሳል» አለች። ያን ቀን ተጨማሪ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ሰምና ወርቅ ይከብዳል ይላሉ። አንጥረኛው ምን እንደሚሠራ ካልነገርሽው እውነትም ይከብዳል። የጌጡን ቅርጽ አስቀድሞ በሰም ይሠራል። በጭቃ ይሸፍነዋል። እሳት ሲያገኘው ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ወርቁ በቦታው ይገባል። ግጥሙም እንደዚያ ነው። ለልጆቹ ይህችን ራሴ ገጥሜላቸዋለሁ፦

ጎረቤት ግድግዳው በቀለም ሲደምቅ፣
የኛ ቤት ብቻ ነው ቀለም የማያውቅ።

ሰሙ ቤታችን አልተቀባም ነው። ወርቁ ከቤተሰባችን የተማረ የለም ነው። ኅብረ ቃሉ፣ ሁለቱን ትርጉም የያዘው ቃል፣ «ቀለም» ነው። እግረ መንገድሽን ሁለቱም ስንኞች በ«ቅ» ቤት እንደሚመቱ አሳዪው።

ምጸትን ልጆች ከእኛ በላይ ያውቁታል። ብርጭቆ ሲሰብር «ጎበዝ!» ብለሽው ታውቂ ይሆናል፤ እሱን ብቻ አስታውሺው።

ቤት ውስጥ ማታ ማታ 15 ደቂቃ ይበቃል። አያቱ ካሉ ተረት ያውሩለት፣ ከሌሉ አንቺ። ደብተሩን ለሁለት ይክፈለው። በግራ ከታሪኩ የወሰደውን ዓረፍተ ነገር እንዳለ ይጻፍ፣ በቀኝ ስሙን። ትርጉም አይጻፍ። ግራው ባዶ ከሆነ ቀኙን አትቀበዪው። ፈተና ላይ ደግሞ መምህሩ «ሴራ» ካሉ «ሴራ» ይበል፣ «ትልም» ካሉ «ትልም»። ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ግን አሁኑኑ ንገሪው፤ በዚህ ብቻ ነጥብ የጣሉ ልጆች አይቻለሁ።