የጤና ጣቢያዎችን ብቃት ለምትለኩ ወጣቶች

ውድ ታናናሾቼ፣

የጤና ጣቢያዎችን ብቃት በዳታ ኤንቨሎፕመንት አናሊሲስ (ተቋማት ከግብዓታቸው ምን ያህል ውጤት እንደሚያወጡ እርስ በርስ እያነጻጸረ ነጥብ በሚሰጥ ዘዴ) የምትለኩ ወጣቶች እየበዛችሁ መምጣታችሁ ደስ ያሰኛል። ስሌቱን ኮምፒውተር በሰከንድ ይጨርሰዋል። ጥናቱ የሚቆመውም የሚወድቀውም ከስሌቱ በፊትና በኋላ በምትወስኑት ነገር ስለሆነ የምጽፍላችሁ ስለዚያ ነው።

የዘዴውን መሠረት ፋሬል በ1957 እ.ኤ.አ. ጣለ፤ ቻርንስ፣ ኩፐርና ሮድስ ደግሞ በ1978 በሊኒየር ፕሮግራሚንግ (በገደቦች ውስጥ ከሁሉ የተሻለውን መልስ በሚፈልግ የሒሳብ ስልት) የሚፈታ አደረጉት። ያነሳሳቸው የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ጉዳይ ነበር፤ የትምህርት ቤት ውጤት የገበያ ዋጋ የለውምና። ስለዚህ እያንዳንዱ ተቋም ለግብዓቱና ለውጤቱ ራሱን በጣም የሚጠቅመውን ክብደት እንዲመርጥ ፈቀዱለት፤ በዚያው ክብደት ሲለካ ግን ማንም ከ1 እንዳይበልጥ ገደቡ። ስለዚህ 1 ያገኘ ጣቢያ «በዝርዝሩ ውስጥ የሚበልጠው አልተገኘም» ተባለ እንጂ ጎበዝ አልተባለም። ዝርዝሩ በሙሉ ደካማ ከሆነም 1 የሚያገኝ አይጠፋም።

የመጀመሪያው ጥፋት የሚሠራው ተለዋዋጮች፣ ማለትም የሚለኩት ግብዓቶችና ውጤቶች፣ ሲመረጡ ነው። የተለመደው መነሻ የግብዓቶችንና የውጤቶችን ብዛት ደምሮ በሦስት ማብዛት፣ እንደዚሁም ሁለቱን ብዛቶች እርስ በርስ ማባዛትና የጣቢያዎቹ ቁጥር ከተገኙት ሁለት መልሶች ከሚበልጠው እንዳያንስ ማድረግ ነው። ባለሙያ፣ ድጋፍ ሰጪ ሠራተኛና የሥራ ማስኬጃ በጀት ግብዓት፣ ተመላላሽ ታካሚ፣ ወሊድና ክትባት ውጤት ከሆኑ ቢያንስ 18 ጣቢያ ያስፈልጋል። እኔ በ40 እንኳ እጠነቀቃለሁ። 20 ጣቢያ ይዞ ስምንት ተለዋዋጭ የሚያስገባ ሰው አብዛኛው 1 ሲወጣለት «ዘርፉ ብቁ ነው» ብሎ ይጽፋል፤ ስህተት ነው። የክትባት ሽፋንን በመቶኛ አስገብታችሁ ከሠራተኛ ብዛት ጋር አታደባልቁ፤ ሠራተኛ በእጥፍ ሲጨምር 90 በመቶ ወደ 180 አይሄድም። የተከተቡትን ሕፃናት ቁጥር ውሰዱ። በሪፖርት ላይ ባዶ የቀረ ሳጥንም ዜሮ ማለት አይደለም።

ቀጥሎ የሞዴሉ ምርጫ ይመጣል፤ ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ነው። ሦስት ጣቢያዎችን አስቡ። «ሀ» በ20 ባለሙያ 20,000 ታካሚ ያያል፤ «ለ» በ20 ባለሙያ 12,000፤ «ሐ» በ10 ባለሙያ 6,000። ግብዓት በእጥፍ ሲያድግ ውጤትም በእጥፍ ያድጋል ብሎ የሚነሳው ሲሲአር (የቻርንስ፣ የኩፐርና የሮድስ ሞዴል) ለ«ሀ» 1፣ ለ«ለ» እና ለ«ሐ» 0.6 ይሰጣል። ባንከር፣ ቻርንስና ኩፐር በ1984 እ.ኤ.አ. ያወጡት፣ ውጤት ከግብዓት ጋር እኩል ላያድግ ይችላል የሚለው ቢሲሲ ግን በውጤት አቅጣጫ (ባለው ግብዓት ውጤት ምን ያህል ሊጨምር ይችል እንደነበር) ሲሰላ «ለ»ን በ0.6 ትቶ «ሐ»ን ወደ 1 ያወጣዋል። ሐ ስለ ሠራ አይደለም፤ ከሁሉ ትንሹ ስለሆነ የሚነጻጸርበት ስለሌለ ነው። የሁለቱ ነጥብ ሲካፈል የሚገኘው 0.6 የሐ የመጠን ብቃት ነው፤ ይህን ሳታዩ ሐን አታመስግኑ። በግብዓት አቅጣጫ (ያንኑ ውጤት ለማግኘት ግብዓት ምን ያህል ሊቀነስ ይችል እንደነበር) ከሆነ ደግሞ የ«ለ» ነጥብ በቢሲሲ 0.71 ይሆናል። በእኛ አገር የጤና ጣቢያ ኃላፊ ሠራተኛ መቀነስ ስለማይችል እኔ የውጤት አቅጣጫን እመርጣለሁ። አንዳንድ ሶፍትዌር በዚህ አቅጣጫ 0.6ን ገልብጦ 1.67 ብሎ ያወጣል፤ የትኛው እንደሆነ ሳታረጋግጡ ሰንጠረዥ አትሥሩ።

ነጥቡን ካያችሁ በኋላ ክብደቶቹን ክፈቱ። ለወሊድና ለክትባት ዜሮ ክብደት ሰጥቶ በተመላላሽ ታካሚ ብቻ 1 ያገኘ ጣቢያ ብዙ ጊዜ ታገኛላችሁ። የወሊድ ክፍሉ ባዶ ቢሆን እንኳ ነጥቡ አይነካም። መፍትሔው በክብደቶች መካከል ያለውን ጥምርታ መገደብ ነው፤ ገደቡን ግን ከጤና ባለሙያዎች ጋር ተነጋግራችሁ አውጡት።

ድንበሩ፣ ማለትም 1 ያገኙት ጣቢያዎች የሚፈጥሩት የመለኪያ መስመር፣ የሚሠራው በጥቂት ጣቢያዎች ስለሆነ አንድ የተሳሳተ ቁጥር የብዙዎችን ነጥብ ያወርዳል። 4,000 የነበረው 40,000 ተብሎ ቢመዘገብ ያ ጣቢያ መለኪያ ይሆንና ሌሎቹ ሁሉ ሰነፍ ይመስላሉ። 1 ያገኙትን አንድ በአንድ እያወጣችሁ እንደገና አስሉ፤ አንዱ ሲወጣ የሌሎች ነጥብ በጣም ከተነሳ መዝገቡን ሂዱና አገላብጡ። በጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው፤ በመሃል ለወራት የተዘጋ ጣቢያ ካለ ለይታችሁ ያዙት።

የገጠርና የከተማ ጣቢያ በአንድ ድንበር ሲለኩ የአቀማመጥ ልዩነት የሥራ ልዩነት መስሎ ይታያል። በጤና ጣቢያ መስፈርቱ መሠረት የገጠሩ ጣቢያ ለ25,000፣ የከተማው ለ40,000 ሰው የታሰበ ነው። ለይታችሁ አስሉ። የመንገድና የመብራት ተፅዕኖን በሁለተኛ ደረጃ ሪግሬሽን (የተገኙትን ነጥቦች ከውጫዊ ሁኔታዎች ጋር በሚያዛምድ ስሌት) ማየት ከፈለጋችሁ ቶቢት የተባለው የተለመደ የሪግሬሽን ዓይነት አይበቃም፤ ነጥቦቹ እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ ሲማርና ዊልሰን በ2007 እ.ኤ.አ. ያቀረቡትን ቡትስትራፕ (ስሌቱን በተደጋጋሚ ናሙና እየደገመ እርግጠኝነቱን የሚለካ ዘዴ) ተጠቀሙ። አር (R) በተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ለዚህ የሚሆኑ ጥቅሎች አሉ።

ለወረዳው የምትሰጡት ወረቀት የደረጃ ዝርዝር ብቻ አይሁን። በእያንዳንዱ ጣቢያ አጠገብ የሚነጻጸርበትን ጣቢያ ስምና የጎደለውን ውጤት በቁጥር ጻፉ። «ለ» ወደ 20,000 ታካሚ እንዲደርስ የሚጠየቅ ከሆነ በአካባቢው ያን ያህል የሚመጣ ሰው መኖሩን ከጣቢያው ኃላፊ ጠይቁ፤ ከሌለ 8,000ው ክፍተት የኃላፊው ጥፋት ሳይሆን የሠራተኛ ድልድል ጥያቄ ነው፤ ሪፖርቱም እንደዚያው ይጻፍ።