«አይቆጠርም» ወይስ «አልተቆጠረም»?

ጥያቄ፦ የፕሮግራሞችን ፍጥነት የሚለካ የፕሮፋይለር መሣሪያ መልእክቶችን ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። እንደ ሊኑክሱ ፐርፍ ሁሉ፣ በሰንጠረዡ ላይ በቁጥር ፈንታ ሁለት ምልክቶች ይመጣሉ፤ አንዱ «ማሽኑ ይህ ቆጠራ የለውም»፣ ሌላው «በዚህ ልኬት ሳይቆጠር ቀረ» ለማለት። ሁለቱንም «አልተቻለም» ብያቸዋለሁ። ያስኬዳል?

መልስ፦ አያስኬድም፤ መፍትሔያቸው ለየቅል ነውና። ደግነቱ አማርኛ ልዩነቱን በአንድ ግሥ ይገልጸዋል። «አይቆጠርም» ሲሉ ዛሬም ነገም በዚህ ማሽን ላይ የለም ማለት ነው። «አልተቆጠረም» ሲሉ ግን ሊቆጠር ይችል ነበር፣ አሁን ሳይሆን ቀረ።

የመጀመሪያው የሚመጣው ፕሮሰሰሩ ለዚያ ክስተት (በውስጡ ለሚሆነውና ለሚለካው ነገር) ቆጣሪ ሳይኖረው ሲቀር ነው፤ ብዙ ጊዜም አስተናጋጁ ማሽን የሃርድዌር ቆጣሪዎቹን ለቨርቹዋል ማሽኑ ሳያሳይ ሲቀር። መቶ ጊዜ ቢደጋግሙት ያው ነው። ሁለተኛው የሚመጣው ፕሮግራሙ ለክስተቱ ተራ ሳይደርሰው ሲያልቅ ወይም አብረው እንዲቆጠሩ በአንድ ቡድን የታሰሩ ክስተቶች ከነጻ ቆጣሪዎቹ ሲበልጡ ነው። 4 ቆጣሪ ባለው ኮር ላይ 4 ክስተት አስረን ብንጠይቅና ከቆጣሪዎቹ አንዱን የኤንኤምአይ ዋችዶግ (ማሽኑ መድረቁን የሚከታተለው የሊኑክስ ዘብ) ይዞት ቢገኝ፣ ቡድን በግማሽ አይገባምና አራቱም ሳይቆጠሩ ይቀራሉ። እዚህ ላይ መልእክቱ «ቡድኑን ይክፈሉ፤ ወይም ለልኬቱ ጊዜ ዋችዶጉን ያጥፉ» ማለት ይችላል። በቦታው 0 መጻፍ ግን ውሸት ነው፤ 0 ተቆጥሮ ምንም አልተገኘም ማለት ነውና።

በየቦታው የሚታየውን «አልተደገፈም» ይተዉት። ያዘመመ ግድግዳ ነው የሚያስታውሰኝ።

ሌላው ችግር የቃል ቅደም ተከተል ነው። በአማርኛ አሉታው ያለው ግሡ ላይ፣ ግሡም ያለው መጨረሻ ላይ ነው። «በቡድኑ ውስጥ ያሉት ክስተቶች ከነጻ ቆጣሪዎቹ ስለበለጡ አልተቆጠሩም» የሚለው ሰዋስዉ ልክ ነው፤ ነገር ግን ጠባብ ዓምድ ውስጥ ገብቶ ጫፉ ሲቆረጥ «ስለበለጡ» ላይ ይቆማል፣ ዋናው ወሬ ይጠፋል። «አልተቆጠሩም። ክስተቶቹ ከነጻ ቆጣሪዎቹ በልጠዋል።» ብለው ቢከፍሉት የቱም ቢቆረጥ ፍሬ ነገሩ ይተርፋል።

«ፈቃድ ተከልክሏል» ደግሞ ምን እንደተከለከለ አይናገርም። ፐርፍ ላይ ይህን የሚወስነው «ፐርፍ ኢቨንት ፓራኖይድ» የተባለው የከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት) ቅንብር ነው። 2 ላይ ሲሆን ተራ ተጠቃሚ የራሱን ፕሮግራም ይለካል፣ ከርነሉን ግን አይለካም። 1 ሲሆን ከርነሉም ይፈቀድለታል፤ ሲፒዩውን በሙሉ ለመለካት ወደ 0 መውረድ አለበት። እንግዲህ መልእክቱ ሦስት ነገር ይያዝ፦ የተከለከለውን ሥራ፣ የቅንብሩን የአሁን ቁጥር፣ የሚፈለገውን ቁጥር። «ከርነሉን ለመለካት ፈቃድ የለዎትም። ቅንብሩ 2 ነው፤ 1 ወይም ከዚያ በታች ያስፈልጋል። ቅንብሩን መቀየር ካልቻሉ የፕሮግራሙን የራሱን ኮድ ብቻ ይለኩ።»

«ይለኩ» ማለቱም ከ«ለካ» ይሻላል፤ ወንድም ሴትም ያነበዋል። «እባክዎ» ግን በየመስመሩ አያስፈልግም፣ አክብሮቱ ግሡ ውስጥ አለ።